ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቋጠሮ

ሰውየው ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ያን ስም ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሠፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ውሃልክ ብሎ ነው። ሌላው ሰው ከቤት ሲወጣ ጃንጥላ ወይም ጋዜጣ ብብቱ ሥር ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ቀለሟ የተላላጠ አንዲት የእንጨት ውሃልክ ይዘው ይወጡ ነበር። ሰው ሊጠይቁ ሄደው እንኳ፣ ወንበር ከመሳባቸው በፊት ውሃልኳን ጠረጴዛው ላይ ጋደም ያደርጉና አረፋዋን ያያሉ። አረፋዋ ወደ አንድ ወገን ካደላች፣ ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ከጠረጴዛው እግር ሥር ሳይወሽቁ የቀረበላቸውን አይቀምሱም።

"አሁን እርስዎ የመጡት እኛን ሊጠይቁ ነው ጠረጴዛውን?" ይላል የቤቱ ጌታ።

"ጠረጴዛው ደህና ካልሆነ እናንተም ደህና አትሆኑም" ይላሉ።

ሙያቸው ኮርኒስ መሥራት ነበር። የጀመሩት በአቡጀዴ ዘመን ነው፤ ጨርቁን ውሃ ነክረው ይወጥሩና ዙሪያውን በቀጫጭን ሚስማር ይዘው ኖራ ይቀቡታል፤ ሲደርቅ በጣት ሲነኩት እንደ ከበሮ ድም ይላል። ቀጥሎ ቺፑድ መጣ፤ በመጨረሻ ነጩ ጂፕሰም። ሦስቱንም ዘመን ቀና እንዳሉ አሳለፉት። ከዚህም የተነሣ አንገታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ለማያውቃቸው ሰው ኩራተኛ ይመስሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ የታወቁት ግን በአንድ ደንብ ነው። ኮርኒሱን ከመዝጋታቸው በፊት የቤቱን ባለቤት መሰላል ላይ ያወጡታል። ሽቦው በየት በየት እንደሚሄድ፣ ከአግዳሚ እንጨቶቹ የትኛው ስንጥቅ እንዳለው፣ ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምባት ትንሽ ሳጥን፣ ሠራተኞች ስካቶላ የሚሏት፣ የት እንደተቀመጠች አንድ በአንድ ያሳዩታል። "ደህና አድርገህ እይ" ይሉታል። "ከዘጋሁት በኋላ የምታየው ነጭ ብቻ ነው።" ባለቤቱ ሽማግሌ ቢሆን፣ ከፍታ የሚፈራም ቢሆን፣ መሰላሉን ራሳቸው ግጥም አድርገው ይዘው ያወጡታል እንጂ አይምሩትም። አይቶ "ይዘጋ" ካላለ አንዲት ሰሌዳ አትነሣም። ሲዘጉም ስካቶላዋ ባለችበት ቦታ ከሥር በእርሳስ ትንሽ ክብ ይስላሉ፤ መሐሏ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ሽቦ ተጋጥሟል፣ ሚስማር አትምታ፣ የቸገረህ ቀን እዚህ ጋ ክፈት ማለታቸው ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ እንኳ፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍባት ያቺ ምልክት በስሱ ትታያለች።

ይህን ደንብ ማንም አላስተማራቸውም። ከአንድ ጥፋት ያገኙት ነው። ጥፋቱን ለሰው ቀርቶ ለሚስታቸውም ነግረው አያውቁም።

ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ የአንድ መምህር ቤት ኮርኒስ ይሠሩ ነበር። በዚያ ጊዜ ሽቦውንም የሚዘረጋው ኮርኒስ ሠሪው ራሱ ነው። ሰማዩ ያጉረመርማል፤ የመምህሩ ቤተሰብ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ በር ላይ ደርሷል። ስካቶላ አልቆባቸው ስለ ነበር ሁለቱን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ጠመዘዙና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለሉት። "ነገ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ" ብለው ዘጉት። በነጋው ሌላ ሥራ መጣ። በሳምንቱም እንዲሁ። ወር ሲሞላ ነገሩ ከመርሳት አልፎ ወደ ማፈር ተሻገረ። የሰው በር አንኳኩቶ፣ ከልጆችህ ራስ በላይ ጥፋት ቀብሬ ሄጃለሁ ማለት እንዴት ይሆናል? ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለሱ በመምህሩ ቤት በኩል ዞረው ይመጣሉ፤ ጣራው በቦታው መኖሩን ቀና ብለው ያዩና ያልፋሉ። መምህሩ አርጅተው ሞቱ፤ ቤቱ ለሌላ ሰው አለፈ፤ ጋሽ ውሃልክ ግን መዞራቸውን አልተዉም። "ምን አለህ በዚያ መንገድ?" ሲሏቸው፣ "አየሩ ይስማማኛል" ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ቀኝ እጃቸው ክሩን ለቀቀው። መልሰው ሊይዙት ቢሉ እጁ አልታዘዝ አለ። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኝተው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ውሃ እንደጠጣ ጣውላ ከብዷል፤ አንደበታቸው ተዘግቷል። ከቋንቋ ሁሉ የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እንትን። ውሃ ሲጠማቸው እንትን፣ ሲበርዳቸው እንትን፣ ሲናደዱም ደስ ሲላቸውም እንትን። የሚሰሙትን ሁሉ ያውቃሉ፤ ሐሳባቸው እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ከከንፈራቸው ሲወጣ ግን ያቺው ናት። ራሳቸውን ልነቅንቅ ቢሉም አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ስለሚወድቅ፣ አዎ ይሁን አይደለም አይለይም።

ሚስታቸውን ሠፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው።

"ድሮም እኮ ግማሹን ወሬህን እንትን እያልክ ነበር የምትጨርሰው" ይሏቸዋል አፋቸውን እየጠረጉላቸው። "አሁን ሌላውን ግማሽ ተውከው እንጂ ምን ተለወጠ?"

ይህን ይሉና ፊታቸውን አዙረው፣ የጨመቁትን ፎጣ መልሰው መላልሰው ይጨምቃሉ።

ቤታቸው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይ ልጃቸው ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ጋር ይኖራል። ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስትም እዚያው ይኖሩ ነበር፤ ደረጃው ግን ከእንግዲህ ለጋሽ ውሃልክ የሚሆን አልሆነም። ስለዚህ ምድር ቤት ያለው መሥሪያ ክፍላቸው ተጠርጎ አልጋ ገባበት። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም። የአገሩን ጣራ ሲዘጉ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ክፍት ትተውታል። እትዬ ስንት ዘመን ጨቅጭቀዋቸዋል፤ "ክፍት ሲሆን ሐሳብ ይመጣልኛል" እያሉ ያልፉት ነበር። አሁን በጀርባቸው ተኝተው ያንኑ ክፍት ያያሉ። የላይኛውን ወለል የተሸከሙ አሥራ አንድ አግዳሚ እንጨቶች፣ በመካከላቸው የተንጠለጠሉ አሮጌ ሽቦዎች፣ ከሳንቃው ስንጥቅ የሚወርድ አቧራ። ሕፃናቱ ላይ ሲሯሯጡ አቧራው ዓይናቸው ውስጥ ይገባል፤ የሚያብሱበት ግራ እጃቸው ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

"ይሄ አይሆንም" አለ ልጃቸው አንድ ቀን፣ ከአባቱ ቅንድብ ላይ የእንጨት ብናኝ እያነሣ። "ኮርኒስ እሠራልሃለሁ አባዬ። በመሐሉ የመስታወት ጥጥ እንከታለን፤ ድምፁንም ብርዱንም ይይዝልሃል። ሠራተኛም አልጠራ፤ በራሴ እጅ ነው የምሠራልህ።"

ልጅየው በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነው። ከመዶሻ ጋር የተዋወቀው ተማሪ ሳለ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ለአባቱ መሰላል በያዘው ልክ ነው። የጋሽ ውሃልክ ዓይን እንባ አቀረረ።

"እንትን" አሉ።

"አየህ፣ ደስ ብሎታል" አሉ እትዬ። ያን ዕለት በትክክል ተርጉመዋል።

በልጅየው የዕረፍት ቀን ማለዳ ሥራው ተጀመረ። አሮጌውን ሽቦ ለመለወጥ የሠፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ ተጠራ። መብረቁ ይሉታል፤ አነጋገሩም አሠራሩም ፈጣን ነው፤ የአንዱን ቤት ሳይጨርስ ከሌላው ቤት ስልክ ይደወልለታል። ክፋት ግን የለበትም። ገና እንደ ገባ የጋሽ ውሃልክን ጉልበት ነክቶ ሰላምታ ሰጠ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እያዩኝ መሥራት እኮ ፈተና ላይ እንደ መቀመጥ ነው" አላቸው።

ከሚዘረጉት ሽቦዎች ወፍራሙ፣ ፎቅ ላይ ላለው የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሄደው ነው። ከግድግዳው የመጣው ጫፍ አጠረና መሐል ላይ መቀጠል አስፈለገ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው አግዳሚ መካከል፣ ልክ ከአልጋው በላይ። መብረቁ ቦርሳውን በረበረ።

"ስካቶላ አልቆብኛል" አለ።

"ሄደህ አታመጣም?" አለ ልጅየው።

"ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው። ግዴለም፣ አጥብቄ እጠመዝዘውና በናስትሮ እጠቀልለዋለሁ። ነገ ሳጥኗን ይዤ እመጣለሁ።"

"ነገ እኮ ተዘግቶ ነው የምታገኘው።"

"አንዷን ሰሌዳ ላላ አድርገህ ተዋታ። አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

"እሺ፣ እንዳትቀር ብቻ።"

ጋሽ ውሃልክ ትራሳቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። እያንዳንዷ ቃል ከአርባ ዓመት በፊት ከገዛ አፋቸው የወጣች ነበረች። መብረቁ ነገ ያለው ቀን እንዴት ያለ ቀን እንደሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

"እንትን" አሉ።

መብረቁ በፒንሳ ጠመዘዘ፣ ጠቀለለ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ። ልጅየው አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ቢጫውን ጥጥ በአግዳሚዎቹ መካከል ይጠቀጥቅ ጀመር። ጥቁሩ ቋጠሮ ከጥጡ ሥር ገብቶ ጠፋ።

"እንትን" አሉ ጋሽ ውሃልክ፣ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

"በርዶት ነው" አሉ እትዬ፤ ብርድ ልብስ ደረቡላቸው።

"እንትን።"

"ሽንቱ ይሆናል፤ ፊትህን አዙርልኝ ልጄ።" አልነበረም።

"እንትን፣ እንትን።"

"ውይ፣ ጥጡ ነው ለካ፣ ብናኙ እየበላው ነው" አሉና የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑላቸው። ጋሽ ውሃልክ በግራ እጃቸው ሻሹን ለመግፈፍ ሲታገሉ፣ ሁለት ረድፍ ጥጥ ተጠቅጥቆ አለቀ።

ልጅየው ከመሰላሉ ወርዶ አያቸው። "ገባኝ" አለ። "ጠማማ መስሎት ነው። አባዬ ሌላ ምን ያስጨንቀዋል?" አሮጌዋን ውሃልክ ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣና፣ ሰሌዳው የሚመታበት ሞራሌ ላይ አስጠግቶ ወደ አልጋው ዘወር አደረጋት። "አየህ? አረፋዋ መሐል ናት። ልጅህ ነኝ እኮ።"

አረፋዋ እውነትም መሐል ነበረች። ጋሽ ውሃልክ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን አረፋ ጠሏት።

ልጅየው መጀመሪያ የሚመታውን ሰሌዳ አነሣ፤ መሰላሉ ላይ ወጥቶ በራሱና በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ታች አየ።

"ደንቡን አልረሳሁም" አለ። "ሳይዘጋ ባለቤቱ ያያል። አንተ ደግሞ መሰላልም አያስፈልግህም፤ ከጠዋት ጀምረህ ተኝተህ እያየህ ነው። እንዴት ነው? ይዘጋ?"

ጋሽ ውሃልክ የቀራቸውን ጉልበት ሁሉ ሰበሰቡ። አይዘጋ የሚለው ቃል ደረታቸው ውስጥ ምንም ሳይጎድለው ቆሟል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያዩአቸዋል። ቃሉን ገፉት፤ ጉሮሯቸው ጋ ደረሰ፤ ምላሳቸው ላይ ወጣ።

"እንትን" አሉ።

"ይዘጋ ብሏል" አለ ልጅየው፤ እናቱም አጨበጨቡለት።

ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። እጁ እየተንቀጠቀጠ በክፍሉ ላይ ዞረ፤ ወደ መስኮቱም፣ ወደ ቁምሣጥኑም፣ ወደ ልጃቸውም ጠቆመ። ልጅየው የመጀመሪያውን ብሎን አጥብቆ ሲወርድ ያን እጅ ያዘና ሳመው።

ሲመሽ ስምንቱም ሰሌዳዎች ተመትተው አለቁ። ላላ ትቀራለች የተባለችው አራተኛዋ ሰሌዳ ወደ ታች ሰገግ ብላ አላምር ስላለች፣ ልጅየው "ሲመጣ እፈታለታለሁ" ብሎ እሷንም አጠበቃት። በሳምንቱ ስቱኮ ተቀባ፣ ቀለም ተቀባ። ጎረቤት እየመጣ ቀና ብሎ አደነቀ። "አሁን ገና የጋሽ ውሃልክ ቤት መሰለ" አሉ። የሕፃናቱ እግር ድምፅ እንደ ሩቅ ዝናብ ሆነ፤ አቧራው ቆመ። መብረቁ በበሩ ሲያልፍ ከሞተር ብስክሌቱ ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልባል፤ "እመጣለሁ፣ እመጣለሁ" ይላል።

ምድጃው የሚለኮሰው ቀትር ላይ ነው። ምራታቸው ፎቅ ላይ ድስት ስትጥድ፣ ጥቂት ቆይቶ ከአራተኛዋ ሰሌዳ በላይ እንደ ደረቅ ቅጠል መንኮሻኮሽ ያለ ስስ ድምፅ ይሰማል። የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ቆሞ ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ዕቃ ያንኳኳል። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል፤ ጥቂት፣ እንደ ተለበለበ ፀጉር። እዚያ ውስጥ የሚሆነውን ከፍተው እንዳዩት ያውቁታል። የመስታወት ጥጥ አይነድም፤ ሙቀቱን ግን አፍኖ ይይዛል። መጀመሪያ ናስትሮው ይቀልጣል። ከዚያ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ እንጨቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየደረቀ ይጠቁራል። ከዚያ እንጨት በላይ ሳንቃ አለ፤ ከሳንቃው በላይ የልጅ ልጆቻቸው አልጋ። ወለሉን የመቱት ራሳቸው ናቸው፤ አልጋው ከየትኛው እስከ የትኛው አግዳሚ እንደሚያርፍ ያውቃሉ።

ስለዚህ ቀትር በመጣ ቁጥር ጆሯቸውን አቁመው ይተኛሉ። ምራታቸው ቶሎ የሚበስል ነገር እንድትሠራ ይመኛሉ። ምድጃው ጠፍቶ ድምፁ ሲቆም ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፤ አንድ ቀን አለፈ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ማድረግ የሚችሉት አልነበረም።

ታናሿ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን አልጋቸው ጫፍ ላይ ትሠራለች። አንድ ቀን እርሳሱን ከእጇ ወሰዱ። ደብተሯ ላይ በግራ እጃቸው ክብ አወጡ፤ ነጥቧን ሊያሳርፉ ሲሉ ግን እጃቸው ዘለለ፤ ነጥቧ ከክቡ ውጪ ወደቀች።

"ኳስ ነው" አለች ልጅቷ። "ተመትታ የወጣች ኳስ።"

ደግመው ሳሉ። ነጥቧ ደግማ ሸሸች። የቤቱ ሰው ተሰበሰበ።

"ሰዓት ይሆናል፤ ስንት ሰዓት ነው ማለታቸው ይመስለኛል" አለች ምራታቸው።

"ዜሮ ነው" አለ ልጃቸው እየሳቀ። "ኮርኒሴን አርሞ ዜሮ ሰጠኝ።" ሳቁ ግን ከልብ አልነበረም፤ ያን ቀን ወደ ላይ ሲወጣ ደረጃውን በዝግታ ነው የወጣው።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ክፍሉን ሊጠርጉ የመሣሪያ ቁምሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጉ። ከኋላው ግድግዳው ላይ፣ ዕድሜ የጠገበች ትንሽ የእርሳስ ክብ አለች፤ መሐሏ ላይ ነጥብ።

"ይቺን ክብህን እዚህም ጥለሃታል?" አሉ ወገባቸውን ይዘው። "ስንቱን ግድግዳ ነው ያዥጎረጎርክብኝ አንተ ሰውዬ። የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ልሰቅል ሚስማር ስይዝ፣ ተይ እዚያ አትምቺ፣ ሽቦ አለ እያልክ እኔን..."

 መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ከልጅቷ ደብተር ተቀዶ አልጋው ራስጌ የቀረውን፣ ክቡ ያለበትን ወረቀት አንሥተው ከግድግዳው ምልክት አጠገብ ያዙት። ለረጅም ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ።

"ነጥቧ ሸሽታብህ ነው?" አሉ በቀስታ።

ጋሽ ውሃልክ "እንትን" አሉ፤ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ።

"ቆይ፣ ቆይ። ይቺን ቃል ተዋት፤ ከሷ ጋር አንግባባም። አዎ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን። ካልሆነ እንደገለጥክ ቆይ። ሽቦ ነው?"

ጨፈኑ።

"ከላይ ነው? ልጃችን የዘጋው ውስጥ?"

ጨፈኑ።

እትዬ ሌላ አልጠየቁም። መጥረጊያውን ገልብጠው በእጀታው የመጀመሪያዋን ሰሌዳ መታ አደረጉና ወደ ባላቸው ፊት አዩ። ዓይናቸው እንደተገለጠ ነው። ሁለተኛዋን መቱ። ሦስተኛዋን። አራተኛዋን ሲመቱ ዓይኖቹ ተጨፈኑ፤ እስኪበቃቸው ድረስ ተጨፍነው ቆዩ። እትዬ ለማረጋገጥ አምስተኛዋን መቱ፤ ተገለጡ። ወደ አራተኛዋ ተመለሱ፤ ተጨፈኑ። ከዚያ እርሳሱን ከመጥረጊያው እጀታ ጫፍ ላይ በክር አሠሩና፣ በእግራቸው ጣት ቆመው ነጩ ቀለም ላይ ክብና ነጥብ ሳሉ። ክቡ እንደ እንቁላል ረዝሞ ወጣ።

"የኔም እጅ ካንተ አይሻልም" አሉ እያለከለኩ፣ ወዲያውም ደረጃውን ወጡ።

ምራታቸው ድስት እያማሰለች ነበር። "ምድጃውን አጥፊው ልጄ" አሏት።

"እትዬ፣ ገና አልበሰለም እኮ።"

"ጥሬውን እንበላዋለን። አጥፊው።"

ልጃቸው ማምሻውን ከሥራ ሲገባ እንደ ልማዱ ቀና አለ።

"ማነው ይሄን ያበላሸው?" አለ። "ቀለሙ እኮ ገና..."

 በልጅነቱ ያቺን ምልክት ከመሰላል ሥር ሆኖ ስንት ጊዜ አይቷታል። እናቱን አየ፤ አባቱን አየ። ወጥቶ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አወረደ፤ ቀጭ ማለቱ እስከ አልጋው ተሰማ። ባትሪ ይዞ ተመለሰ፤ መሰላሉን አቆመ፤ የአራተኛዋን ሰሌዳ ብሎኖች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ፈታ።

ሰሌዳዋ ስትወርድ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጥጡ መሐሉ ላይ ቢጫነቱን ለቆ እንደ ጥቀርሻ ሆኗል። ናስትሮው ቀልጦ ተንጠባጥቧል። የስድስተኛው አግዳሚ ጎን በመዳፍ ልክ ከስሏል፤ ልጅየው በጣቱ ቢነካው ከሰሉ ተፈረፈረ።

መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ከላይ የሕፃናቱ እግር፣ አሁን ሰሌዳ ስለሌለ ጥርት ብሎ፣ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ይሰማል።

"ጠይቄህ ነበር እኮ አባዬ" አለ በመጨረሻ። "ይዘጋ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።"



በማግስቱ መብረቁ መጣ። ስካቶላዋን አስገብቶ፣ ሽቦውን እንደ ደንቡ አጋጥሞ ከጨረሰ በኋላ አልጋው አጠገብ ቆመ፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አላነሣውም።

"አልቆብኝ ነበር ጋሼ" አለ። "በነጋው እመጣለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ሥራ መጣ። ከዚያ ደግሞ... ቆየሁና አፈርኩ። በዚህ በር ሳልፍ ሁልጊዜ ጣራችሁን ቀና ብዬ አየው ነበር።"

ጋሽ ውሃልክ በግራ እጃቸው እጅጌውን ጨምድደው ያዙት። ሊነግሩት የፈለጉት ብዙ ነበር። አንተ እኔ ነህ ሊሉት ፈለጉ። ደግሞም፣ ከወፍጮ ቤቱ አልፎ ሦስተኛው በር፣ የመምህሩ ቤት የነበረው፣ መስኮት ያለው ክፍል፣ ከበሩ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ሥር። በዚያን ጊዜ ሽቦው የሚሸከመው አንድ አምፖል ነበር፤ አሁን ያሉት ሰዎች ምድጃም ካውያም አላቸው። ሄደህ ክፈተው፤ የሚሰማኝም የሚችለውም አንተ ብቻ ነህ። ይህ ሁሉ ደረታቸው ውስጥ ተራውን ጠብቆ ቆመ።

"እንትን" አሉ።

"ይቅር አሉኝ" አለ መብረቁ፤ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ወጣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እርሳስ ያዙ። ቀስ ብለው ክብ ሳሉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እርሳሱን አወረዱ። ነጥቧ መሐል ላይ አረፈች።

"አሁንማ ተሠራ እኮ አባዬ" አለ ልጃቸው። "ሳጥን ገባለት፤ አንተ እያየህ።"

እትዬ ግን የባላቸውን ፊት አይተው መጥረጊያውን አነሡ። "ሌላም ካለ ይናገር" አሉ። ከመጀመሪያዋ ጀምረው ስምንቱንም ሰሌዳ አንድ በአንድ መቱ፤ በእያንዳንዷ ላይ ቆም እያሉ ወደ ዓይናቸው ተመለከቱ። የጋሽ ውሃልክ ዓይኖች ከመጀመሪያዋ እስከ ስምንተኛዋ እንደተገለጡ ቆዩ።

"የለም" አሉ እትዬ፣ ተንፍሰው መጥረጊያውን እያስቀመጡ። "ለምዶበት ነው የሚስለው። ተመስገን።"

ወረቀቷንም እስከ ዛሬ ከሳሏቸው ሁሉ ያማረች ናት ብለው ከራስጌው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፏት። ጠያቂ ሲመጣ ያሳያሉ። ጠያቂውም ጠጋ ብሎ ያይና፣ "እጃቸው እኮ በጣም ተሻላቸው" ይላል። አራተኛዋ ሰሌዳ በቦታዋ ተመልሳለች፤ እትዬ የሳሏት ረዥም ክብ እንዳለች ናት፤ ልጅየው ቀለም አልቀባትም።

ጋሽ ውሃልክ ቀትር ሲሆን አሁንም ጆሯቸውን ያቆማሉ። ላይ ድስቱ ተጥዶ ይበስላል፤ ከሰሌዳዋ በላይ ምንም አይሰማም። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ወረቀቷ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ከአልጋው ሲታይ በመስኮቱ በኩል የግቢው አጥርና የመንገዱ ጫፍ ይታያል። መንገዱ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚታጠፍበት ቦታ ግን አይታይም።